ጎኑ ሲከፈት ጸጥ ያለው ኮምፒውተር

ጌም በምጫወትበት ኮምፒውተር ላይ አዲሱ ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ምስሉን የሚሠራው ክፍል፣ የገባ ዕለት ሁሉም ነገር የሰመረ መስሎ ነበር። ድራይቨሩ ያለ ችግር ተጫነ፣ ጌሙ ተከፈተ፣ ምስሉም ከድሮው ጋር የሚነጻጸር አልነበረም። አራት ደቂቃ ያህል እንደተጫወትኩ ከጠረጴዛው ስር አንድ ድምፅ መነሳት ጀመረ። መጀመሪያ የሩቅ ንፋስ ይመስል ነበር፤ ቀጥሎ የፀጉር ማድረቂያ ሆነ። ጌሙን ስዘጋውም ወዲያው አልቆመም፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ እያቃሰተ ረገበ።

ይሄን መልመድ ይቻል ነበር። አልለመድ ያለው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ብሮውዘር ብቻ ተከፍቶ ጽሑፍ እየተነበበ ሳለ አንድ ፋን ድንገት ይነሳል፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይዞራል፣ ይቆማል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይነሳል። ወጥ ድምፅን ጆሮ ቶሎ ይረሳዋል፤ የሚነሳና የሚወድቅ ድምፅ ግን በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ነው።

ለብዙ ቀን ጭንቅላቴ ውስጥ የተመላለሰው ጥያቄ ይህ ነበር፦ የኬዙ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ሳጥን፣ ፋኖች ያው የድሮዎቹ ናቸው፤ ካርዱ ደግሞ ሦስት ትልልቅ ፋን ያለው፣ አቧራ ያልነካው አዲስ ዕቃ ነው። ታዲያ የሚጮኸው የትኛው ነው? ምን ሆኖስ ነው? እዚህ ላይ የሰው እጅ ቶሎ የሚሄደው አዲስ ፋን ወደ መግዛት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ የተገዛ ፋን ብዙ ጊዜ ያንኑ ድምፅ ይዞ ይመጣል።

## መክደኛው የተነሳ ጊዜ

ነገሩን ያዞረው አንድ ቀላል ሙከራ ነው። ማንም ሰው ከምንም ነገር በፊት ቢያደርገው የምመኘውም ይህንኑ ነው። የክፍሉን ሙቀት መዝግቡ። ጌሙ ውስጥ ካርዱን ሙሉ በሙሉ የሚያሠራ ቦታ ፈልጉና ሳትንቀሳቀሱ 20 ደቂቃ ቁሙ። ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለውን ሙቀትና ፍጥነት የሚያሳይ ፕሮግራም ከፍታችሁ የካርዱን ሙቀት፣ የካርዱን ፋኖች ፍጥነት፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀትና የኬዝ ፋኖቹን ፍጥነት ጻፉ። 20 ደቂቃ የሚያስፈልገው ብረቱና ኬዙ ውስጥ ያለው አየር ሞቀው የሚረጉት ቀስ ብለው ስለሆነ ነው። ፕሮሰሰሩ በውሃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ውሃው ራሱ እስኪሞቅ 30 ደቂቃ መጠበቅ ይሻላል። አምስተኛው ደቂቃ ላይ የተነበበ ቁጥር ያሳስታል።

እንዲህ ስለካው ካርዱ 83 ዲግሪ ላይ ቆሞ ፋኖቹ በደቂቃ 2,300 ዙር ይሽከረከሩ ነበር። ጌሙን ሳልዘጋ ከኋላ ያሉትን ሁለት ብሎኖች በጣቴ ፈታሁና የጎኑን መስታወት አነሳሁ። በጆሮዬና በፋኖቹ መካከል የነበረው ግድግዳ ስለተነሳ ድምፁ ይጨምራል ብዬ ነበር። ለጥቂት ሰከንድ እውነትም ጨመረ። ከዚያ መውረድ ጀመረ። አንድ ደቂቃ ተኩል ሳይሞላ የፀጉር ማድረቂያው ድምፅ ጠፍቶ ለስላሳ የንፋስ ድምፅ ብቻ ቀረ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ካርዱ 72 ዲግሪ፣ ፋኖቹ 1,600 ዙር ላይ ነበሩ።

መስታወቱን እንደያዝኩ ቆሜ አሰብኩ። ይሄ ነገር ድምፅ ያፍንልኛል ብዬ ነበር የማምነው፤ ያፈነው አየሩን ኖሯል። የፋን ድምፅ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይራመድም፣ ቀድሞት ይሮጣል። የአየር ማናፈሻ መሐንዲሶች በሚሠሩበት ግምት ፍጥነቱ በ20 በመቶ ሲቀንስ ድምፁ 5 ዴሲቤል ያህል፣ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ 15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ከ2,300 ወደ 1,600 መውረድ ማለት 8 ዴሲቤል ገደማ ነው። ጆሮ 10 ዴሲቤል የቀነሰን ድምፅ ግማሽ የሆነ ያህል አድርጎ እንደሚሰማው ስናስብ፣ መስታወት ተነስቶም ጸጥታ የሚያሸንፍበት ምክንያት ይገባል።

ከዚህ ሙከራ የሚገኘውን ልዩነት እንዲህ ነው የማነበው። ክድኑ ሲነሳ የካርዱ ሙቀት ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ብቻ ከቀነሰ ኬዙ ጤነኛ ነው፤ ምክንያቱ ካርዱ ራሱ ጋ፣ ማቀዝቀዣው ማለትም ኩለሩ ጋ ወይም ሴቲንጉ ጋ ይፈለግ። 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከቀነሰ ኬዙ ታፍኗል። እኔ ያገኘሁት 11 ነበር።

## ያው ኬዝ፣ የተጨመረ ማገዶ

ካርድ ስንቀይር የምናየው በሰከንድ የሚያሳየውን የፍሬም፣ ማለትም የምስል ብዛት ነው። ኬዙ የሚያውቀው ግን ዋቱን ብቻ ነው። ከጂቲኤክስ 1060 ወደ አርቲኤክስ 3080 የተሻገረ ሰው ከ120 ዋት ወደ 320 ዋት ነው የተሻገረው። ጌም ላይ ፕሮሰሰሩ 70 ዋት፣ ሁሉ የሚሰካበት ማዘርቦርድና ሌላው ዕቃ 30 ዋት ይበላሉ ብንል፣ በፊት 220 ዋት ያወጣ የነበረው ሳጥን አሁን 420 ዋት ማውጣት አለበት። ገመዱ የሚያስገባው ኤሌክትሪክ በሙሉ ለማለት ይቻላል ወደ ሙቀትነት ተለውጦ በፋኖቹ በኩል መውጣት አለበት።

ለዚህ በአእምሮ የሚሠራ ሂሳብ አለ። ዋቱን በ3 አባዙት፤ በኬዙ ውስጥ በሰዓት በሚያልፈው ሜትር ኪዩብ አየር አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር አየሩ ገብቶ እስኪወጣ በስንት ዲግሪ እንደሚሞቅ ይናገራል። በሰዓት 60 ሜትር ኪዩብ የሚያሳልፍ ኬዝ በ220 ዋት አየሩን በ11 ዲግሪ ያሞቀዋል። ያው ኬዝ፣ ያው ፋን፣ ያው ፍጥነት ሆኖ 420 ዋት ሲገባበት 21 ዲግሪ ይሆናል።

ያ የተጨመረው 10 ዲግሪ ሁሉንም ነው የሚያገኘው። ፋን የሚያቀዘቅዘው በሚነፍሰው አየር ነውና ከዚያ አየር በታች ማንንም ሊያወርድ አይችልም። ስለዚህ ማንም ያልነካው ፕሮሰሰር በካርዱ ምክንያት ይሞቃል፤ የእሱ ፋን ይፈጥናል። ኤሌክትሪኩን የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ አየር የሚስበው ከኬዙ ውስጥ ከሆነ እሱም ይነሳል፤ ደግሞም ከድሮው እጥፍ የሚጠጋ ጭነት ላይ ነው። የሚጮኸው የትኛው ነው ለሚለው ጥያቄዬ መልሱ ይህ ነበር፦ ሁሉም፣ በአንድ ምክንያት።

የዛሬዎቹ ካርዶች አሠራርም አለበት። ቀድሞ ብዙ ካርዶች አንድ ክብ ነፋሽ ነበራቸው፤ ሙቀቱን በኋላ ቀዳዳ በቀጥታ ወደ ውጭ ይተፉ ነበር። ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፋን ካርዶች ሙቀቱን እዚያው ኬዙ ውስጥ ይበትኑታል። ካርዱን ራሱን ቀዝቀዝና ዝም ያደርጉታል፤ ሸክሙ ግን ወደ ኬዝ ፋኖቹ ይዞራል። የኋለኛው ጫፋቸው ክፍት የሆነ፣ አየሩን በውስጣቸው አሳልፈው ወደ ላይ የሚወረውሩ ካርዶች ደግሞ ትኩሱን በቀጥታ የፕሮሰሰሩ ኩለር አፍ ላይ ያደርሱታል።

## ትንፋሹ የት ላይ ታነቀ

የጎኑን መክደኛ መልሳችሁ ግጠሙና አሁን የፊቱን ሽፋን ብቻ አንሱ፤ 20 ደቂቃውን ድገሙ። የፊቱ መነሳት ሙቀቱን ጎኑ ሲነሳ ወደነበረው ካስጠጋው መግቢያው ነው የታነቀው። ብዙም ካልለወጠው መውጫውን ተመልከቱ። የእኔው ከ11 ዲግሪ ውስጥ 8ቱን በፊት በኩል መለሰ። ፊቱ ሙሉ መስታወት ሆኖ አየር የሚገባው በሁለቱ ጎን ባለች የጣት ውፍረት በማትሞላ ስንጥቅ ነበር፤ ከስንጥቋ ቀጥሎ ፊልተር፣ ከፊልተሩ ቀጥሎ የብረት ወንፊት፣ ከዚያ በኋላ ነው ፋኑ።

ይህን ሳያዩ ፋን መጨመር ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ፋን ሳጥን ላይ የተጻፈው የአየር መጠን ፊት ለፊቱ ምንም ሳይኖር የተለካ ነው። በሰዓት 90 ወይም 100 ሜትር ኪዩብ የሚል 120 ሚሊሜትር ፋን ከመስታወትና ከፊልተር ጀርባ ሲቀመጥ የሚያሳልፈው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። በዚህ ላይ ፍጥነቱ ሲጨመር ድምፁ ከአየሩ ይልቅ በብዙ ይጨምራል።

መንገዱ ክፍት ከሆነ ግን ሂሳቡ ይገለበጣል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለውን ፋን ላይ እንደሚታየው በግልጽ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። በሙሉ ፍጥነት የሚሮጥ አንድ ፋን የሚያሳልፈውን አየር ሁለት ፋኖች በግማሽ ፍጥነት ያሳልፉታል። በግማሽ ፍጥነት እያንዳንዱ 15 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ሁለት በመሆናቸው 3 ዴሲቤል ይጨመራል። በድምሩ 12 ዴሲቤል ይቀንሳል ማለት ነው፤ ለዚያው አየር። ለዚህ ነው ቦታው ካለ ከ120 ይልቅ 140 ሚሊሜትር፣ ከሁለት ይልቅ ሦስት፣ ግን ዝግ ብለው የሚዞሩትን የምመርጠው።

አቀማመጡም ዋጋ አለው። ፋን አየሩን የሚተፋው ሞተሩን የያዙት አራት እጆች ባሉበት ጎን ነው፤ ካላመናችሁ ስስ ሶፍት ወረቀት አስጠጉና ወደየት እንደሚሳብ እዩ። ኬዙን ከፍቶ መልሶ ሲገጥም ፋን ገልብጦ ማሰር ከሚታሰበው በላይ ያጋጥማል። ጣሪያ ላይ ወደ ውጭ የሚነፍስ ፋን ካለ ወደ ኋላ አስጠጉት፤ በፊት በኩል ከተሰቀለ የፊቱ ፋን ያስገባውን ቀዝቃዛ አየር ፕሮሰሰሩ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይነጥቃል። ከካርዱ ፋኖች ስር ቢያንስ ሁለትና ሦስት ሴንቲሜትር ባዶ ቦታ ይኑር። ካርዱን አቁሞ መስታወቱ ላይ ማስጠጋት ለዓይን ያምራል፤ ፋኖቹ ግን መስታወት ነው የሚተነፍሱት። አቧራ ስታነፉ ፋኑን በጣት ያዙት፤ በአየር ግፊት እንዲሽከረከር ከተለቀቀ ከአቅሙ በላይ ይፈጥንና ኩሽኔታው ይጎዳል።

## ፋኖቹ የማንን ሙቀት ይሰማሉ?

መግቢያው ተከፍቶም አንድ ነገር አልጣመኝም። የኬዝ ፋኖቹ ካርዱ ሲግል ዝም ብለው፣ ብሮውዘር ሲከፈት ይፈጥኑ ነበር። ይህ የብዙ ኮምፒውተሮች ችግር ነው። የኬዝ ፋን የሚሰካው ማዘርቦርድ ላይ ነው፤ ማዘርቦርዱ ደግሞ በራሱ የሚያነበው የፕሮሰሰሩንና የራሱን ሙቀት እንጂ የካርዱን አይደለም። ስለዚህ 320 ዋት የሚያወጣው ክፍል ላብ በላብ ሲሆን፣ 70 ዋት የሚያወጣውን እያዩ ነው ፋኖቹ የሚወስኑት።

መፍትሔው የሙቀት ምንጩን መቀየር ነው። ፋን ኮንትሮል የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የኬዝ ፋኖችን በካርዱ ሙቀት እንዲመሩ ያደርጋል። ከካርዱና ከፕሮሰሰሩ የበለጠ የጠየቀውን እንዲከተል ማድረግም ይቻላል፤ እኔ የምመክረው ይህን ነው። ለኬዝ ፋን መነሻ የሚሆን ከርቭ፣ ማለትም በየሙቀቱ ፋኑ በስንት በመቶ እንደሚሮጥ የሚወስን መስመር፦ ካርዱ እስከ 50 ዲግሪ ድረስ 35 በመቶ፣ 60 ላይ 50 በመቶ፣ 70 ላይ 65 በመቶ፣ 80 ላይ 85 በመቶ። ከዚያ በጆሮ ይስተካከላል። ፕሮግራም መጫን የማይፈልግ ሰው ማዘርቦርዱ የሙቀት መለኪያ ገመድ መሰኪያ ካለው ጫፉን ከካርዱ በላይ ባለው አየር ውስጥ አስቀምጦ ፋኖቹን ከባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከሚገባበት የማዘርቦርዱ ሴቲንግ፣ በእሱ ማስመራት ይችላል።

እዚሁ አካባቢ የሚደበቅ ሌላ ስህተት አለ። ፋን ባለ ሦስት ወይም ባለ አራት ፒን ነው። ባለ አራቱ ሁልጊዜ 12 ቮልት እያገኘ ፍጥነቱን በአራተኛው ገመድ በሚመጣ፣ ፒደብሊውኤም በሚባል ምልክት ይቀበላል፤ ባለ ሦስቱ የሚታዘዘው ቮልቱ ሲቀንስ ብቻ ነው። ባለ ሦስት ፒን ፋን በፒደብሊውኤም ሁነታ ላይ ወደ ተቀመጠ መሰኪያ ሲገባ ምልክቱን የሚቀበልበት ገመድ የለውም፤ 12 ቮልቱን ይዞ ሙሉ ፍጥነት ይሮጣል። ማዘርቦርድ ተቀይሮ ወይም ባዮስ ታድሶ አንድ ፋን ሌት ተቀን የሚጮህ ከሆነ መጀመሪያ እዚህ እዩ፤ ባዮስ ውስጥ የዚያን መሰኪያ ሁነታ ወደ ዲሲ፣ ማለትም በቮልት ወደሚያዘው፣ መቀየር ነው። ባዮስ ሲታደስ የፋን ሴቲንጎች ብዙ ጊዜ ወደ ፋብሪካው እንደሚመለሱም አትርሱ፤ ከማደስ በፊት ከርቩን በስልክ ፎቶ ማንሳት በቂ ነው።

አንድ መሰኪያ ብዙውን ጊዜ 1 አምፔር ይችላል። ተራ 120 ሚሊሜትር ፋን ከ0.1 እስከ 0.3 አምፔር ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ በማከፋፈያ ገመድ ሦስት ፋን ማሰር አያስፈራም። በደንብ የተሠራ ማከፋፈያ የፍጥነት ምልክቱን ከአንዱ ፋን ብቻ ነው የሚመልሰው። ቁጥሩ ሲዘባርቅ ካያችሁ ሁለቱ ፋኖች በአንድ ሽቦ እየተናገሩ ነው።

## የሚነሳና የሚወድቀው ድምፅ

ወደዚያ ነርቭ ወደሚበላው ድምፅ ልመለስ። ሁለት ምንጭ ነበረው።

አንደኛው ካርዱ ነው። አብዛኞቹ አዳዲስ ካርዶች ሥራ ሲቀንስ ፋናቸውን ጨርሰው ያቆማሉ፤ 50 ወይም 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ይነሳሉ። ኬዙ ውስጥ ያለው አየር ሞቅ ካለ፣ ሁለት ስክሪን ከተሰካ ወይም ቪዲዮ ከተከፈተ ካርዱ ያቺ መስመር ላይ ተቀምጦ ይወዛወዛል። ይነሳል፣ ሁለት ዲግሪ ያወርዳል፣ ይቆማል፣ መልሶ ይሞቃል። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው የካርድ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የፋን ገጽ ላይ የሙቀት ልዩነት መጠበቂያ የሚሞላበት ቦታ አለ፤ 5 ዲግሪ ያህል ስጡት። ፋኑ በ55 ተነስቶ 45 ላይ እንዲቆም የሚያስችል ካርድ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል። ብዙ ካርዶች ከ30 በመቶ በታች መዞር አይችሉም፤ ወይ ይቆማሉ ወይ በ30 ይጀምራሉ። እንዲህ ሲሆን የምመርጠው ማቆሙን ትቼ ዘወትር በ30 በመቶ እንዲዞር መተው ነው፤ ከአንድ ክንድ ርቀት የማይሰማ ድምፅ ከሚነሳና ከሚወድቅ ጸጥታ ይሻላል።

ሁለተኛው ፕሮሰሰሩ ነው። የዛሬ ፕሮሰሰር አንድ ገጽ ሲከፈት እንኳ ለቅጽበት ሙሉ ኃይሉን ይጠቀማል፤ ሙቀቱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ዘሎ መልሶ ይወርዳል። ሙቀቱን የሚቀበለው ብረት፣ ሂትሲንኩ፣ ራሱ ግን አልሞቀም፤ ኪሎ የሚጠጋ ብረት በአንድ ሰከንድ አይሞቅም። ፋኑን በዚያ ዝላይ ማስሮጥ ለምንም አይጠቅምም። ባዮስ ውስጥ ፋኑ ለመፍጠንና ለመቀነስ የሚጠብቅበት ጊዜ አለ፤ እስከሚፈቅደው አርዝሙት። ፋን ኮንትሮል ላይ ከሆናችሁ ለመፍጠን ከ3 እስከ 5 ሰከንድ፣ ለመቀነስ ከዚያ የበለጠ ስጡ። ከርቩንም እስከ 60 ዲግሪ ድረስ ጠፍጣፋ አድርጉት።

የውሃ ኩለር ፓምፕ ግን በዚህ ከርቭ አይነዳ። ፓምፕ ወጥ ፍጥነት ይፈልጋል፤ በራሱ መሰኪያ ላይ ተሰክቶ ቋሚ ይሁን። ከርቭ የሚያስፈልገው ውሃው የሚበርድበት ራዲያተር ላይ ላሉት ፋኖች ነው።

## ፋን ያልሆኑትንም ጆሮ ይለያል

የትኛው እንደሚጮህ ለማወቅ በፕሮግራሙ አንድ በአንድ ዝም ማሰኘት ነው። በቁጥጥር ስር ያልሆነውን ፋን ደግሞ የመሐሉን ክብ በጣት ጫፍ ለስለስ አድርጎ ለሁለት ሰከንድ መያዝ ይበቃል፤ ክንፉን አይደለም። የፓወር ሰፕላዩን ፋን አትንኩ፤ ሽፋኑንም አትክፈቱ፣ ገመዱ ተነቅሎም ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ ይጎዳል።

ከፍጥነቱ ጋር የሚፈጥን ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ገመድ ክንፍ ሲነካ ነው። አዲሱ ካርድ ይዟቸው የመጡት ወፍራም የኃይል ገመዶች የጎኑ መክደኛ ሲገጠም ታጥፈው የታችኛውን ፋን ሲነኩት ይታያል፤ ክድኑ ሲነሳ ድምፁ ስለሚጠፋ ደግሞ ከሙቀት ጋር ይምታታል። ፋኑ ሲነሳ ብቻ የሚንኮራኮር ድምፅ የደረቀ ኩሽኔታ ነው፤ በተለይ ርካሽ የስሊቭ ኩሽኔታ ፋን ጣሪያ ላይ ተኝቶ ሲሠራ ቶሎ ያረጃል። እሱን መቀየር ነው እንጂ ሴቲንግ አያድነውም።

ብዙ ሰው የማይገምተው የሚያስተጋባው ድምፅ ነው፤ ዉዉ… ዉዉ… እያለ የሚመጣና የሚሄድ። ሁለት ደህና ፋኖች አብረው ናቸው የሚያወጡት። ሰባት ክንፍ ያለው ፋን በደቂቃ 1,200 ዙር ሲዞር በሰከንድ 140 ጊዜ አየሩን ይመታል። ጎኑ ያለው 1,230 ቢዞር 143.5 ጊዜ ይመታል። ልዩነቱ በሰከንድ 3.5 ነው፤ ጆሮ የሚሰማው ያንን እብጠትና ስርገት ነው። አንደኛውን በ100 ወይም በ150 ዙር ከሌላው ማራቅ ያጠፋዋል። አንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ ኬዙ የሚንቀጠቀጥ ከሆነም ያንን ፍጥነት ከርቩ ላይ በፍጥነት ማለፍ ነው፤ ከ900 እስከ 980 የሚያንገራግር ከሆነ ከ880 ወደ 1,000 ይዝለል። ከብሎን ይልቅ የጎማ መያዣም ይረዳል።

ቀጭን ሲጥ የሚል፣ ጌሙ ውስጥ ካሜራው ሲዞር የሚለዋወጥ ድምፅ ፋን አይደለም። የካርዱ ወይም የፓወር ሰፕላዩ የሽቦ ጥቅልሎች ናቸው የሚንቀጠቀጡት፤ በጌሙ መነሻ ገጽ ላይ ፍሬሙ በመቶዎች ሲሮጥ ይብሳል። ፍሬሙን በስክሪኑ ልክ መገደብ ብዙውን ያረግበዋል። ውሃ ሲንቆረቆር ከተሰማ ደግሞ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ፓምፑ ጋ ደርሷል ማለት ነው። ራዲያተሩ ከፓምፑ ከፍ ብሎ፣ ቢቻል ጣሪያው ላይ ይቀመጥ፤ አየር ከላይ ይሰበሰባልና ፓምፑ ከሁሉ ከፍ ያለ ነጥብ መሆን የለበትም።

## ዋቱን ከምንጩ

አየሩ ተከፍቶ፣ ፋኖቹ ትክክለኛውን ሙቀት እያዩ፣ አሁንም ድምፁ ከበዛ ማገዶውን መቀነስ ይቀራል። አፍተርበርነር ላይ የኃይል ገደቡን 80 በመቶ ማድረግ 320 ዋቱን ወደ 256 ያወርደዋል። ከፍሬሙ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ጥቂት በመቶ ነው፤ ካርዶች የመጨረሻዋን ትንሽ ፍጥነት የሚያገኙት በብዙ ዋት ነውና። ያ 64 ዋት በሰዓት 60 ሜትር ኪዩብ በሚያሳልፍ ኬዝ ውስጥ የአየሩን ሙቀት በ3 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ፕሮሰሰሩም የሚጠቀምበት ቅናሽ ነው። ቮልት ማውረድ የበለጠ ያስኬዳል፤ ብዙ 3080 ካርዶች በ0.85 ቮልት 1,800 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይረጋሉ። ሁሉም ቺፕ እኩል አይደለምና በ25 ሚሊቮልት እየወረዱ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ አንድ ሰዓት ከባድ ጌም እየፈተኑ ነው።

ጸጥታ ፍለጋ የካርዱን ፋን ከመጠን በላይ ከማዘግየታችን በፊት ግን ሁለት ቁጥሮች መታየት አለባቸው። አንደኛው የሜሞሪው ሙቀት ነው። እንደ 3080 ባሉ ካርዶች ላይ ያለው ጂዲዲአር6ኤክስ የሚባል ሜሞሪ 110 ዲግሪ ሲደርስ ካርዱ ራሱን ያዘገያል፤ ዋናው ቺፕ 70 እያለ ሜሞሪው 104 ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የቺፑ ትኩስ ነጥብ ነው። ከአማካዩ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ መራቁ የተለመደ ነው። 30 ከደረሰ ኩለሩ ቺፑ ላይ በደንብ አልተቀመጠም ወይም በመካከላቸው የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት፣ ተርማል ፔስቱ፣ ሸሽቷል፤ ለአዲስ ካርድ ይህ በዋስትና የሚመለስ ጉዳይ ነው። ፕሮሰሰር ወይም ኩለር ለቀየረ ደግሞ ከሁሉ በፊት የኩለሩ ሆድ ላይ የተለጠፈው ስስ ላስቲክ መነሳቱን ያረጋግጥ፤ ፔስቱ መሐል ላይ የአተር ፍሬ ያህል፣ ብሎኖቹ በመስቀል ተራ፣ እያንዳንዱ በየተራ ግማሽ ዙር።

ሁሉም ሲያልቅ መክደኛው ይገጠምና የመጀመሪያው ሙከራ ይደገማል፤ ያው ጌም፣ ያው ቦታ፣ ያው 20 ደቂቃ። የእኔው ተዘግቶ 71፣ ተከፍቶ 68 ዲግሪ ሆነ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች፣ የክፍሉን ሙቀትና የፋኖቹን ዙር በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከኋለኛው መክደኛ ውስጥ በስኮች ለጠፍኩት። ከስድስት ወር በኋላ አቧራው ሲሰበሰብ ተዘግቶና ተከፍቶ ባለው መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ወደ 6፣ ወደ 7 ይሄዳል፤ ፊልተሩ የሚታጠበው ያኔ ነው።